ሽፋኑ ለብቻው ነበር

ጋሼ ስድስት ደብተር በፌስታል ይዘው የገቡ ቀን መብራት አልነበረም። ያኔ ፍኖተ ሰላም ላይ መብራት ሲጠፋ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ በር ላይ ቆማ ባጃጅና ጋሪ ሲጋፉ ከማየት በቀር ሥራ የላትም። እኔ ደግሞ ቆሞ ማየት አልችልበትም። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ሦስት ወር ኮምፒውተር ተምሬ ነው እዚያ ቤት የገባሁት። ባለቤቷ ጠዋት ቁልፉን ትሰጠኝና ወደ ሌላ ጉዳይዋ ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ የኔ ነው። የሥራ ማመልከቻ፣ የጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ፣ የአንድ ለአምስት ሪፖርት፣ የሠርግ ጥሪ። የከተማው ወረቀት ሁሉ በእጄ ያልፍ ነበር፤ አብዛኛው ደባሪ ነው። ያም ሆኖ የዚያ ማተሚያ ማሽን ሲሞቅ የሚሸተው ሽታ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ሆዴ ይባባል። ቤቱ አሁን የስልክ ቀፎ መሸጫ ሆኗል።

ጋሼን ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከሸራ ጥላ ስር ተቀምጠው ለሰው አቤቱታ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። ከቋሪት ወይ ከሌላ ደጋ የመጣ ባላገር በደሉን ይነግራቸዋል፤ እሳቸው በሁለት ወረቀት መሃል ካርቦን አስገብተው ያሰፍሩለታል፤ ባላገሩ ከታች ጣቱን ያሳርፋል። እኛ ኮምፒውተር ይዘን ከመጣን ወዲህ ሰዉ የታተመውን ስለወደደ የሳቸው ጥላ ስር የሚቀመጠው እየሳሳ ሄደ። ስለዚህ ይጠሉኛል ብዬ ነበር የማስበው።

"መብራቱ መቼ ይመጣል?" አሉኝ።

"እኔም ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል ጋሼ። አቤቱታ ነው?"

"አይደለም። መጽሐፍ ነው።"

"የማን?"

"የማን ይሆናል? የኔ ነዋ።" ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ እጃቸውን ግን አላነሱለትም። "አርባ ዓመት ጻፍሁ። አንድም ቀን የኔ ስም ያለበት ወረቀት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ሁሉም የሰው ስም ነው። ይኸ ላይ ግን ስሜ ይኖራል። ሽፋኑ ላይ፣ በትልቁ።"

ባሕር ዳር ያለ አንድ አሳታሚ በኮምፒውተር ተጽፎ ከመጣለት አነበዋለሁ ብሏቸዋል። ለሳቸው ነገሩ ያለቀ ነበር፤ የቀረችው እኔ ነኝ።

ታሪኩ ከገበዝ ማርያም እስከ ፍኖተ ሰላም እየተመላለሰች ስለ አንድ ድንበር ዓመታት የተሟገተች ሴት ነው። ደረቅ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ሁለተኛው ደብተር ላይ ስደርስ ምሳዬን ረሳሁ። ሴትዮዋ ስንቋን የምትቋጥርበት፣ ዳኛው ሳል ሲይዘው ቀጠሮ ይዛወርብኛል ብላ የምትሰጋበት ቦታ ላይ እየሳቅሁ እያዘንሁ ጻፍሁት። ግን ዓረፍተ ነገሩ። ጋሼ እንደ አቤቱታ ነው የሚጽፉት፤ "ይኸው እንዳለ ሆኖ"፣ "ከዚህም የተነሳ" እያሉ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ከመስቀል ጀምሮ ጥምቀት ላይ ያልቃል።

እኔ አሳጠርሁት። ማንም አላዘዘኝም። በማመልከቻ የለመድሁት ነው፤ ሰው የተንዛዛ ረቂቅ ያመጣል፣ እኔ ቆርጬ አሳምሬ እጽፍለታለሁ፣ ፈርሞ ይሄዳል። መልሶ የሚያመሳክር አልነበረም። ጋሼም ዓይናቸው ስለደከመ የታተመውን እየደባበሱ "አቤት ጥራቱ" ከማለት በቀር አላነበቡትም።

ሽፋኑን በሌላ ፕሮግራም ሠራሁላቸው። ሥዕል ልጨምር ብል እምቢ አሉ። ስማቸው ከርዕሱ በለጠ።

"ጋሼ፣ ሰው ርዕሱ የርስዎ ስም ይመስለዋል" አልኋቸው።

"ይምሰለዋ" አሉ።

ወረቀቱን በስፓይራል ጠርዤ ሰጠኋቸው፤ ይዘውት ባሕር ዳር ሄደው ለአሳታሚው ተዉለት። እኔ ጋ ሶፍት ኮፒው ቀረ። ጽሑፉ አንድ ፋይል፣ ሽፋኑ ለብቻው ሌላ ፋይል።

በዚያው ሰሞን ቡሬ የምትኖር ጓደኛዬ ልትጠይቀኝ መጣች። "ምን የሚነበብ ነገር አለሽ?" አለችኝ። አለኝ አልኋት። ስልኳ የኛን ፊደል ሳጥን ሳጥን አድርጎ አላሳይ ስላለ፣ ገጾቹን አንድ በአንድ ወደ ፎቶ ቀየርሁና በብሉቱዝ ላክሁላት። ሽፋኑን አልላክሁም። ሽፋን ለመጽሐፍ እንጂ ለስልክ ምን ያደርጋል ብዬ እንኳ አላሰብሁም፤ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። እውነቱን ከተናገርሁ አይቀር፣ እንድታነበው የፈለግሁት በጋሼ ኮርቼ አልነበረም፤ በራሴ ኮርቼ ነው።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ጋሼ ያንኑ ጥራዝ በብብታቸው ይዘው ተመልሰው መጡ። አልተቀመጡም።

"አንች ልጅ፣ ስሜን የት ጣልሽው?"

አሳታሚው ጥራዙን ገልጦ ጥቂት ገጽ እንዳነበበ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አሳይቷቸዋል። የእኅቱ ልጅ ከቡሬ የላከችለት ነው፤ ቃል በቃል ያው ታሪክ፣ የጸሐፊ ስም የሌለው። "አባቴ፣ ይኸን የርስዎ ነው ብዬ በምን ልመን?" ብሎ ጥራዙን በትሕትና መልሶላቸዋል።

"በትሕትና" የሚለውን ሁለቴ ደገሙት። ቢሰድባቸው ይሻል ነበር መሰለኝ።

ስለ ጓደኛዬ፣ ስለ ብሉቱዙ፣ ለብቻው ስለቀረው ሽፋን ነገርኋቸው። ዓረፍተ ነገር መቀየሬን አልነገርሁም። ወዲያው ለጓደኛዬ ደወልሁ። ስልኳ ሲሞላባት ሚሞሪዋን እዚያው ቡሬ ዘፈን የሚጭን ሱቅ ወስዳው ነበር፤ ሰውየው ታሪኩን ወዶት ለራሱ ኮምፒውተር ገልብጦታል።

"እንሂድ" አሉ ጋሼ።

"ዛሬ?"

"ስሜ ያለው እዚያ ከሆነ ዛሬ ነዋ።" የመጀመሪያውን ደብተር ከቤታቸው አመጡና ሚኒባስ ተሳፈርን።

ቡሬ ገበያ ነበር። የበርበሬው ሽታ ገና ከመናኸሪያው ያስነጥሳል። ሱቁ ጠባብ ነው፤ በሩ ላይ የተነጠፈ ጆንያ፣ ጆንያው ላይ በርበሬዋን ሸጣ የጨረሰች ሴት፣ አጠገቧ አንዲት ጎረቤቷ፣ ሦስት አራት ተራ ጠባቂ። ባለሱቁ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ተጫዋች ሰው።

"ታሪኩ? እሱማ ምራቂ ነው" አለን። "ሃያ ዘፈን ላስጫነ በነጻ እጨምርለታለሁ። ዘንድሮ ከዘፈኑ ይልቅ በምራቂው ነው የሚመጡት።"

"ደራሲው ማነው?" አሉት ጋሼ።

"ደራሲ የለውም። ከኮምፒውተር የመጣ ነው።"

"እኔ ነኝ።"

"እርስዎ ምን?"

"የጻፍሁት እኔ ነኝ።"

ባለሱቁ ሳቀ፤ ሳቁ ክፋት አልነበረውም። "ባለፈው ሳምንትም አንዱ እኔ ነኝ ብሎ ነበር። እሱስ አጠገቡ ቆንጆ ልጅ ስለነበረች ነው። እርስዎ ለማን ብለው ነው አባቴ?"

ጆንያው ላይ ያለችው ሴት "ይፈተኑዋ" አለች። ቀልዷን መሆን አለበት፤ ሰዉ ግን ደስ አለው። ባለሱቁ ፎቶዎቹን ከፈተ። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው እንደያዙት አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ወደ በሩ ያፈገፈግሁት።

"ገጽ አሥራ ሁለት። ሴትዮዋ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ናት። ምን ይላል?"

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ሴትዮዋ ከማለዳ ጀምራ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ ሳለች፣ ጉዳይዋ ሳይታይላት፣ ስሟም ሳይጠራ፣ ፀሐይ በአናቷ ላይ ተሻግራ ወደ ምዕራብ ዘመመች።"

ባለሱቁ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለ። "እዚህ ያለው 'ፀሐይ ዞረች። ሴትዮዋ አልተጠራችም' ነው።"

"ሌላ ጠይቀኝ።"

ሌላ ጠየቃቸው። ያንንም የራሳቸውን አሉ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው የኔ ነበር። ሦስተኛም ጠየቃቸው። ባለበርበሬዋ ለጎረቤቷ በአገውኛ እየተረጎመችላት ነበር፤ ጎረቤቷ ከንፈሯን መጠጠች። አንዱ ከኋላ "ሲነበብ ሰምተውት ይሆናል እኮ፤ ዕድሜ ነው፤ ተዋቸው" አለ።

ጋሼ ዓይናቸውን ገልጠው ወደ እኔ ዞሩ። እኔን አልጠረጠሩም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ረስቼው ይሆን?" አሉኝ።

ስሜ እንዳይነሳ ብዬ ዝም ብል ያን ቀን እዚያው አእምሯቸውን ተጠራጥረው ይመለሱ ነበር። ዝም ለማለት የፈለግሁበት ጊዜ ግን ነበረ፤ አጭር ቢሆንም ነበረ።

"አልረሱም" አልሁ። "እኔ ነኝ የቀየርሁት። ስጽፈው አሳጠርሁት።"

"ማን አዘዘሽ?" አለችኝ ባለበርበሬዋ።

"ማንም።"

"እንዲያው በገዛ እጅሽ?"

"በገዛ እጄ።"

ደብተሩን ከጋሼ እጅ ተቀብዬ ማንበብ ጀመርሁ፤ ባለሱቁ በስክሪኑ ተከተለኝ። ቃሉ ይለያያል፤ ሴትዮዋ፣ ምስክሮቹ፣ የዳኛው ሳል፣ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። ሁለት ገጽ ሳልጨርስ "በቃ በቃ፣ የሳቸው ነው" አለ። ሊቀ መንበር ያገኘ ይመስል ብድግ ብሎ ወንበሩን ለጋሼ ለቀቀ። ስማቸውን ጠይቆ ፎቶዎቹ ያሉበት ማኅደር ላይ ጻፈው። ኮምፒውተሩ አማርኛ ስላልነበረው በእንግሊዝኛ ፊደል። ጋሼ ጠጋ ብለው አዩትና "ይኸ ነው ስሜ?" አሉ። አዲስ አስተካክለን ብናመጣ አሮጌውን እንደሚተካው ቃል ገባልን።

ስንመለስ ቢቆጡ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ አጭር ይሻላል፣ ሰው ወዶታል፣ የሚል። ማንኩሳ ላይ ሰው ወርዶ ቦታ ሰፋ ሲል ነው የተናገሩት።

"እኔም እቀይር ነበር" አሉ። "ባላገሩ የሚነግረኝን እንዳለ ጽፌ አላውቅም። ግን አንብቤለት ነው ጣቱን የሚያሳርፈው። ሁልጊዜ አነብለታለሁ። 'እንዲህ ነው ያልኸው?' እለዋለሁ። አይደለም ካለኝ እቀደዋለሁ።"



በማግስቱ ስድስቱን ደብተር ይዘው መጡ። ሥራ በቀዘቀዘ ሰዓት ሁሉ አጠገቤ ይቀመጣሉ፤ እኔ የጻፍሁትን አነባለሁ፣ እሳቸው ይሰማሉ፣ የኔ የሆነው ላይ ስንደርስ እጃቸውን ያነሳሉ፣ እመልሰዋለሁ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እየጮኽሁ አነበብሁ፤ መብራት ሲጠፋ በሩ ላይ ወጥተን በጥራዙና በደብተሩ ቀጠልን። ያን ያህል ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም፤ ያኔ ግን ምን እንደሆነ አላወቅሁትም፣ ቅጣት ነበር የመሰለኝ።

ገጽ አሥራ ሁለት ላይ እጃቸውን አላነሱም።

"ድገሚው" አሉኝ።

"ፀሐይ ዞረች። ሴትዮዋ አልተጠራችም።"

ውጭ ጋሪ አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ሊተውልኝ ነው ብዬ እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ።

"ጥሩ ነው" አሉ። "የኔን መልሽ።"

መለስሁት። ስማቸውን በየገጹ ግርጌ አስገባሁ፤ የትኛውም ገጽ ለብቻው ቢሄድ ስሙን ይዞ እንዲሄድ። ገጾቹን እንደገና ወደ ፎቶ ቀይሬ ቡሬ ላክሁት፤ ባለሱቁም ቃሉን ጠብቆ ተካው። አሳታሚው ግን ስም ኖረውም አልኖረው በየስልኩ ያለ ነገር ማን ይገዛዋል አለ። በወረቀት አልታተመም። ጋሼ አንዱን ጥራዝ ከነሽፋኑ ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላቸው ስር ያስቀምጡታል፤ ለሚጠይቃቸው ያሳዩታል። ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ ስልካቸው ላይ ያነበቡት ግን መጥተው ይጨብጧቸዋል።

የድሮው፣ ስም የሌለው፣ አሁንም ይዞራል። አንዴ የተላከውን ማን ሰብስቦት። ባገኘሁት ቁጥር ባለስልኩን እለምናለሁ፤ አዲሱን ሰጥቼ አሮጌውን አጠፋለሁ። ባለፈው ወደ ባሕር ዳር ስሄድ ዱርቤቴ ላይ አንዲት ተማሪ ተሳፍራ አጠገቤ ተቀመጠች። ስልኳን አወጣች፤ አየሁት፤ አሮጌው ነው። ነገሩን አስረድቼ አዲሱን ላክሁላት። ጥቂት ገጽ ሁለቱን አስተያይታ አነበበች።

"እታለም፣ ይቅርታ አርጊልኝና" አለችኝ፣ "የበፊቱ አይሻልም?"

"የቱ ጋ?"

"እዚህ ጋ። ፀሐይ ዞረች የሚለው።"

ደስ አለኝ። መደበቅ አልቻልሁም፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ። ከዚያ ስልኳን ተቀብዬ የበፊቱን ሁሉንም ገጽ መረጥሁና አጠፋሁት።