ባዶ የጮኸው ግድግዳ

በድርቁ ማግስት፣ አብዮቱ ገና ትኩስ ሳለ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ጦር ሰፈር፣ ግድግዳው ጥይት ይችል እንደሆነ መርምር ተብዬ ተላክሁ። መሣሪያዎቼ መዶሻና ጆሮዬ ብቻ ነበሩ።

ድንጋዩን እያንኳኳሁ ስሄድ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ባዶ ሆነብኝ። ደገምኩት፤ ያው ነው። ግድግዳውን የገነቡት አያ ሰይድ ከኋላዬ ቆመው ላብ አጥምቋቸዋል።

«አያ ሰይድ፣ ውስጡ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነዋ!»

«ድንጋይ እንዲህ አይጮኽም።»

የሰፈሩ ዘበኛ እንዳይሰማ ተጠጉኝ። «ወላሂ ልጄ፣ የስንዴ ዘር ነው። በገንቦ አድርጌ ግድግዳው ውስጥ ገነባሁበት። በዚያ ክፉ ቀን ቤት ባስቀምጠው ልጆቼ ይበሉት ነበር፤ ብቀብረው ሌባ ያወጣው ነበር። ወታደር የሚጠብቀውን ማን ይነካል? አሁን ዝናቡ መጣና ማውጫው ጠፋኝ።»

ሳቄ መጣ፤ ደግሞ አንጀቴን በሉት። የምርመራ ቅጼ ላይ «ግድግዳው ጥይት አይችልም፤ ፈርሶ በዚያው ግንበኛ እንደገና ይሠራ» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላቸው። ይመርቁኛል ብዬ ስጠብቅ መዶሻዬን አንስተው ሰጡኝ።

«አላህ ይስጥህ። በል እንግዲህ የወታደሮቹን ወጥ ቤት ግድግዳም አንኳኳው፤ ይኼ የኔ ብቻ ነው፣ የመንደሩ ዘር ያለው እዚያ ነው።»