የሰው ሥራ ልወስድ ሄጄ የተመሰገንኩበት ጠዋት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ውስጥ፣ እዚሁ ኦስሎ ነው። የማልረሳው፣ በዕድሜዬ ባልሠራሁት ነገር እንደዚያ ቀን ተመስግኜ ስለማላውቅ ነው።

ቢየርቪካ በሚባለው ሰፈር ካሉት የመስታወት ሕንፃዎች አንዱን አጸዳ ነበር። ባለቤቶቹ ረከስ የሚል የጽዳት ድርጅት አገኙና በደብዳቤ አሰናበቱን። ደብዳቤው እንዴት ያምር ነበር። ምን ያህል እንደሚያከብሩን ሲዘረዝር፣ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ዕድገት የተሰጠን መስሎኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ሠራተኛ አቅራቢ ድርጅት ተመዝግቤ ቪካር ሆንኩ። ቪካር ማለት ሲደወልልህ ትሮጣለህ፣ ካልተደወለልህ ስልክህን እያየህ ትውላለህ። እነሱ ይህንን «ነፃነት» ይሉታል። ሁለት ሳምንት ሙሉ በነፃነት ከተቀመጥኩ በኋላ አንድ ማለዳ መልእክት መጣ፦ ወደቡ ላይ ዕቃ የሚያራግፍ ሰው ባስቸኳይ ይፈለጋል። ለምን እንደቸኮሉ አልጻፉም። እኔም አልጠየቅኩም።

አንጸባራቂ የሥራ ሰደርያዬን በቦርሳ ይዤ ስደርስ፣ በሩ ላይ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች መፈክር ይዘው በብርዱ ቆመዋል። መሃላቸው ጋሽ ሰይድ አለ። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ ትቬይታ ሰፈር አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው የምንኖረው፣ እሱ ሁለተኛ ፎቅ እኔ ሦስተኛ ነን። ወደቡ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል።

ገና ሲያየኝ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ዳዊት፣ አንተም መጣህ? ማን ነገረህ? እኔ እኮ ሰፈር ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም።»

ወደ ጓደኞቹ ዞሮ በአገሩ ቋንቋ በኖርስክ፣ «ጎረቤቴ ነው፤ ሊደግፈን ነው የመጣው» አላቸው።

ሰዎቹ ተራ በተራ ጨበጡኝ። አንዲት የክሬን ሠራተኛ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ነገሩ ያኔ ገባኝ፦ ኩባንያው ቋሚ ሠራተኞቹን አሰናብቶ ያንኑ ሥራ በስልክ በሚጠሩ ሰዎች ሊያሠራ ነው። ከሚጠሩት አንዱ እኔ ነኝ። ምን ልበል? «ጃ» አልኩ፣ አዎ ለማለት። መፈክር ሰጡኝ፤ ምን እንደተጻፈበት እንኳ ሳላነብ ያዝኩ።

በዚህ መሃል የኩባንያው ሰው ወጥቶ ስም መጥራት ጀመረ። ሁለት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ገቡ።

ቀጥሎ «ዳቪት» አለ። ደግሞ ጮክ ብሎ፦ «ዳቪት፣ ቪካሩ።»

መፈክሩን ከፍ አድርጌ ፊቴን ሸፈንኩበት።  ዛሬ ከቀረሁ ዳግመኛ እንደማይደውሉልኝ አውቃለሁ።

ጋሽ ሰይድ ጠጋ ብሎ፣ «አንተን ነው መሰለኝ» አለኝ።

«ሌላ ዳዊት ይሆናል።»

ቦርሳዬን አየ። የሰደርያው ጫፍ ወጥቶ ይታያል። ቀና ብሎ፣ «ጃ፣ በዚህ ከተማ ዳዊት ብዙ ነው» አለ። 

ሰውየው ስሜን ሰርዞ ገባ። እኔም በይፋ ታጋይ ሆንኩ።

ታጋይ ከሆንኩ አይቀር ብዬ ለማውቃቸው ሁሉ ደወልኩ። በማግስቱ ከመስጊዱ ሩዝ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ምስር ወጥ በድስት መጣ። ስለ አንድ አዳራሽ መስማማት ያቃታቸው የሁለቱ ቤተ እምነት ኮሚቴዎች ወደቡ በር ላይ በአንድ ጭልፋ ሲያድሉ ዋሉ። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር ጭልፋው ሥጋ ነክቷል አልነካም ብለው ተከራከሩ፤ ሳንከራከርማ እኛ አንሆንም። ዘመናውያን ወጣቶች ከሚኖሩበት ሰፈር፣ ከግሩነርሎካም፣ ሰዎች መጥተው ፎቶ ተነሱና ወደ ካፌያቸው ተመለሱ። አንዷ ግን ለሁሉም የሚበቃ ጓንት ትታ ሄደች።

በአምስተኛው ቀን በባቡር ወደ ትቬይታ ስንመለስ ለጋሽ ሰይድ እውነቱን ልነግረው ጀመርኩ። አላስጨረሰኝም።

«ቦርሳህን አይቻለሁ እኮ» አለ። «ብትገባ ኖሮ ዳግመኛ ሰላም አልልህም ነበር። በሩን አላለፍክም፤ በቃ።»

ሦስት ሳምንት ከቆምን በኋላ ኩባንያው ገሚሶቹን ወደ ሥራቸው መለሰ። ጋሽ ሰይድ ከተመለሱት ውስጥ የለም። ዛሬ የገዛ ሥራው ላይ ቪካር ሆኖ፣ ሲደወልለት ይሄዳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ እሱም ነፃነቱን አገኘ።

እኔ ከወራት በኋላ የአንድ ትምህርት ቤት ጽዳት አገኘሁ። ሰዎች ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ «መጀመሪያ የደረሰላቸው ዳዊት ነው» ይላሉ። አፍሬ ሳቀረቅር ትሕትና ይመስላቸዋል። ሥራው ስላመለጠኝ አልቆጭም። የሚቆጨኝ፣ ጋሽ ሰይድ ባያየኝ ኖሮ እገባ እንደነበር ማወቄ ነው።