ዝቅ ያለው ትከሻ

ሰፈሩ «ሜትሯ» ይላታል፤ የልብስ መለኪያዋ ከአንገቷ ስለማይወርድ። እጇ ወርቅ ነው፣ አፏ ግን ምላጭ። ልብስ ሊያሰፋ የመጣን ሰው ስትለካ ካልተሳለቀች አይሆንላትም። «አንተዬ፣ ሆድህ ቀድሞህ ገባ እኮ!» ትላለች። «አንደኛው ትከሻሽ ቤት ቀረ እንዴ?» ትላለች። ተለኪው ሳይቀር ይስቃል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያው ሱቅ ጥግ፣ ከጨርቅ ክምሩ አጠገብ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። በእነዚህ ቀልዶች እሷ ስትስቅ ማንም አይቷት አያውቅም፤ ሜትሯ ደግሞ ይህን ልብ አላለችም።

ልብ ያለችው ሌላ ነገር ነው። ልጅቷ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ትጽፋለች፣ ፈገግ ትላለች፣ እናቷ ጠጋ ስትል ስልኩን ትደፋዋለች። ለማን እንደምትጽፍ ሜትሯ ሳይነግሯት ታውቃለች፤ ለያቺ። «ያቺ» የምትላት የቀድሞ ባሏ ያገባትን፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራውን ሴት ነው። ያቺ ባሏን ስታገባው ሜትሯ «እሰይ፣ ተገላገልኩ!» ብላ ነበር፤ ከልቧም ነበር። ልጅቷ ከአባቷ ቤት ስትመለስ «እሷ እኮ እንዲህ አለችኝ» ማለት ስትጀምር ግን አንጀቷ ቅጥል አለ። ባልስ ይወሰድ፤ ልጅ?

አንድ ቀን ልጅቷ ትምህርት ቤት ሳለች ሜትሯ የልጅቷን ስልክ ይዛ ስልክ ሠሪው ዘንድ ሄደች። ትምህርት ቤቱ ስልክ ስለሚከለክል ቤት ነው የሚውለው።

«ጊዜው ከፍቷል ወንድሜ፤ ልጄን የምጠብቅበት አፕ ጫንልኝ» አለችው።

ሦስት ዓይነት አሳያት። አንዱ ልጅቷ የት እንዳለች የሚያሳይ፣ አንዱ ለልጅ የማይሆነውን የሚዘጋና ሰዓት የሚገድብ፣ ሦስተኛው የምትጽፈውንና የሚጻፍላትን ሁሉ በድብቅ ወደ እናቷ ስልክ የሚልክ።

«እኔን ከሰማሽኝ እህቴ፣ ሁለተኛው ይበቃሻል። ለልጅቷም ንገሪያት። ሦስተኛው ግን ነገር ያመጣል።»

«የማታውቀው ሰው ቢያታልላትስ?»

«እሱም ቢሆን ልጅቷ እያወቀችው ይሻላል።»

«ልጅቷ የማን ናት፣ ያንተ ናት የኔ? ሦስተኛውን ጫን!»

የማታውቀው ሰው! ወይ አለማፈር። ሜትሯ የምትፈራው አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷን ደግሞ እናትም ልጅም አሳምረው ያውቋታል።

በማግስቱ እጅጌ እየገጠመች ሳለ መልእክት መጣ። የስፌት መኪናዋን አቁማ አነበበች።

«ግራ ትከሻዬ ወርዷል» ይላል የልጇ ጽሑፍ። «ልጆቹ ጠማማዋ ይሉኛል። ለእማዬ ግን እንዳትነግሪያት። በሰው ፊት ትስቅብኛለች።»

ያቺም መልሳለች፦ «እናትሽ አትስቅብሽም የኔ ቆንጆ። ሐኪም ሊያይሽ ይገባል፤ ራስሽ ንገሪያት። እኔ አልናገርም፤ ቃሌ ነው።»

ሌላ እናት ብትሆን ስለ ትከሻው ታለቅስ ነበር። ሜትሯን ያንገበገባት «የኔ ቆንጆ» የሚለው ነው። የሰፈሩን ትከሻ ሁሉ ስትለካ ኖራ የልጇን ያቺ ቀድማ ትስማ? ጭራሽ «ራስሽ ንገሪያት» ብላ የገዛ ልጇን እንደ ምራቂ ልትሰጣት!

የደንበኛውን ሥራ ሁሉ ገፍታ ለልጅቷ ጃኬት ሰፋችላት፤ በግራው ትከሻ ውስጥ ስስ ስፖንጅ ደራርባ፣ ከቀኙ እኩል እስኪሆን። ልጅቷ ለበሰችውና መስታወቱ ፊት ቆመች። ትከሻዋ ቀጥ ብሏል። ደስታ ፊቷ ላይ ብልጭ አለና ጠፋ። እጇን ሰድዳ ስፖንጁን ዳበሰችው።

«እሷ ናት የነገረችሽ?» አለች።

«ሰፊ አይደለሁ? በዓይኔ አየሁት» ብትል ያልፍ ነበር። ያም ውሸት ነው፣ ግን ማንንም አይጎዳም። ሜትሯ ግን ለዓመታት የታቆረ ቅናት ነበረባትና፣ «አዎ» አለች። «አዎ፣ እሷ ናት።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ልጅቷ ጃኬቱን አውልቃ አጣጥፋ አስቀመጠችውና ጓዳ ገባች። ሜትሯ ደስ አላት፤ ምን ይዋሻል፣ ደስ አላት! እያንጎራጎረች መርፌው ላይ ክር አስገባች። ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ። ልጅቷ ለያቺ ጽፋላት ነው፦ «አምኜሽ ነበር። ሁለተኛ ለማንም ምንም አልናገርም።»

ያቺ «ምን አጠፋሁ?» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «የኔ ቆንጆ፣ ምን አጠፋሁ?»

ሜትሯ ማንጎራጎሯን ተወች። ልጅቷ «ለማንም» ካለች ለእሷም ነዋ። ያቺን አባረረች እንጂ በቦታዋ አልገባችም።

ጓዳ ስትገባ ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተጋድማለች። ከኋላዋ ሲያዩት ትከሻዋ እንዲያ ወርዷል። ይሄን ሁሉ ጊዜ ዓይኗ የት ነበር?

«ዋሽቼሻለሁ» አለች። «እሷ ምንም አልነገረችኝም። ስልክሽ ላይ መሰለያ አስጭኜ ነው ያነበብኩት። ቀናሁባት ልጄ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ልጅቷ ተነስታ ተቀመጠች። እናቷ ልቅሶ ጠበቀች፣ ጩኸት ጠበቀች። ልጅቷ ግን ስልኳን አንስታ ለያቺ ደወለች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች። «አንቺ እንዳልሆንሽ አሁን ነው ያወቅሁት... አዎ። አዎ፣ እዚህ ናት።» ከዚያ ስልኩን ወደ እናቷ ዘረጋች። «ስለ ሐኪሙ ላናግራት ትላለች።»

ሜትሯ መርፌ መዋጥ ይቀላት ነበር። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ስልኩን ተቀበለች።

«አቤት» አለች።