በገዛ ፈቃዴ ድንኳን ስተክል

ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ «ማሚ፣ በሆሊደይ ካምፕ እንሂድ» ስትለኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ነው። ለእሷ ካምፕ ማለት የክፍል ጓደኞቿ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ሄደው፣ ሐይቅ ዳር አድረው፣ ፎቶ ተነስተው የሚመጡበት ሜዳ ነው። ለእኔ ግን ሌላ ነው። ከስድስት ዓመቴ እስከ አሥር ዓመቴ የኖርኩት በሰሜን ኬንያ በረሃ፣ በስደተኞች ካምፕ፣ ከእናቴ ጋር በአንድ ድንኳን ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥተን ናይሮቢ ኢስትሊ ሰፈር አንዲት ክፍል የተከራየን ዕለት ከእንግዲህ ድንኳን ውስጥ እንደማላድር ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

ስለዚህ እምቢ አልኩ። ምክንያቱን ግን አልተናገርኩም። ብርድ ነው፣ ትንኝ አለ፣ ወንድምሽ ገና ሰባት ዓመቱ ነው እያልኩ አለፍኩት። ልጄ አኮረፈች። ማታ ባለቤቴ ሳህን እያጠበ፣ ካልፈለግሽ አንሄድም አለኝ። እሱ ለሥራ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ የዕቃ ጫኝ አውሮፕላኖች ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው፤ በሕይወቱ ድንኳን የሚያውቀው ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ነው።

«ግን እውነተኛውን ምክንያት ንገሪያቸው» አለኝ። «በትንኝ አታሳብቢ።»

በማግስቱ እራት ላይ ነገርኳቸው። ካምፕ መኖሬን ድሮም ያውቃሉ፤ የሚያውቁት ግን እንደ ሰንበት ትምህርት ታሪክ፣ ሩቅ አገር በሌላ ሰው ላይ እንደደረሰ ነገር ነበር። ሙቀቱን፣ የውሃውን ሰልፍ፣ ንፋሱ ሸራውን ሲደበድበው የነበረውን ድምፅ ነገርኳቸው። ልጄ ዓይኗ እንባ አቀረረና «እሺ ማሚ፣ ይቅር፣ አንሄድም» አለች። ወንድሟ ግን ትንሽ አስቦ ድንኳናችሁ ዚፕ ነበረው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዚፕ አልነበረውም፤ እናቴ በመርፌ ቁልፍ ነበር የምትዘጋው። ሳላስበው ሳቄ መጣ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ጥያቄውን አላቆመም። እባብ ገብቶ ያውቃል? ዝናብ ሲመጣስ? ሽንት ቤቱ የት ነበር? ሳምንቱን ሙሉ እየመለስኩለት ከረምኩና ዓርብ ዕለት እኔው ራሴ እንሂድ አልኩ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በደንብ አላውቅም። ምናልባት እየተነገረ ሲሄድ ነገሩ ቀለለኝ።

ባለቤቴ ከሥራ ባልደረባው ድንኳን ተዋሰ። መኪናዋን ፍራሽ፣ የከሰል ምድጃ፣ ተጣጣፊ ወንበሮች፣ በርበሬና ሽሮ ጭኖ፣ ለሽርሽር ሳይሆን ቤት ለመቀየር የምትሄድ አስመሰላት። ናይቫሻ ሐይቅ ዳር የደረስነው ከምሳ ሰዓት በፊት ነው። ትልልቅ ግራሮች የሚያጠሉት አረንጓዴ ሜዳ ነው፤ ግራሮቹ ላይ ጉሬዛዎች ይዘላሉ፤ ጉማሬዎቹ ወደ ሰው እንዳይመጡ በሐይቁ በኩል አጥር አለ።

እኔ ብሄድም ድንኳኑን እንደማልነካ ወስኜ ስለነበር ወንበሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ባለቤቴና ልጆቹ ሥራ ጀመሩ። የአተካከሉ ወረቀት ከሻንጣው ውስጥ ጠፋ። ባለቤቴ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ሊያይ ቢሞክር ኔትወርክ የለም። አንድ ሰዓት ያህል ከታገሉ በኋላ ያቆሙት ነገር የተንበረከከ ግመል ይመስል ነበር። ልጁ ገና ሲደገፈው ድንኳኑ መሬት ላይ ተነጠፈ። ባለቤቴ ላቡን እየጠረገ ወደ እኔ አየ። እኔም ተነሳሁ።

እጄ ምንም አልረሳም ነበር። መጀመሪያ ቦታውን ቀየርኩ፤ እነሱ የመረጡት ዝቅ ያለ ስለነበር ወደ ላይ ወሰድኩት። በሩን ንፋስ ከማይመጣበት በኩል አደረግኩ። ካስማ ቀጥ ተደርጎ እንደማይመታ፣ ራሱ ከድንኳኑ ራቅ ብሎ መዝመም እንዳለበት ለልጆቹ አሳየኋቸው። ልጄ ገመዱን ወጠረች፤ ትንሹ በድንጋይ መታ። ቆመ። ከዚያ ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ከኮረብታው ጀርባ ደመናው ጠቁሯል። ሜዳውን ወደሚጠብቁት ሽማግሌ ዘበኛ ሄጄ «ምዜ፣ ዶማ ያበድሩኝ» ብዬ፣ ምዜ አባባ እንደማለት ነው፣ በስዋሂሊ ለመንኩና በድንኳኑ ዙሪያ ቦይ መቆፈር ጀመርኩ። ባለቤቴ ይህ ድንኳን ውሃ አያስገባም፣ ምን አደከመሽ አለኝ። መቆፈሬን ቀጠልኩ።

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ዝናቡ ወረደ። ቦዬ ውሃውን እየተቀበለ ወደ ታች ወሰደው፤ እኛ ውስጥ ተደርድረን በበሩ እያየን ነበር። ከእኛ በታች የሰፈረው ግን ከናይሮቢ ፓርክላንድስ ሰፈር የመጣ የህንድ ዝርያ ያላቸው ኬንያውያን ትልቅ ቤተሰብ ነበር፤ አያት፣ ወላጆች፣ አራት ልጆች። ድንኳናቸው የእኛን ሦስት እጥፍ ያህላል፤ ጎርፉ ግን ቀጥ ብሎ ገባባቸው። አባትየው ብርድ ልብሶቹን ታቅፎ ወዴት እንደሚሄድ ግራ ገብቶት ቆሟል። ዶማዬን ይዤ በዝናቡ ወጣሁ፤ ልጄም ጫማዋን አውልቃ ተከተለችኝ። ከላይ በኩል ውሃውን የምቆርጥበትን መስመር አሳየሁት፤ እሱ ቆፈረ፣ እኔ አፈሩን አስተካከልኩ። ውሃው ዞረ።

አያትየው ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ላይ ሆነው ይህን ከየት ተማርሽ ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ። እኔ አንገቴን ደፍቼ መልስ ስፈልግ ልጄ ቀደመችኝ። «እናቴ ልጅ እያለች አራት ዓመት ድንኳን ውስጥ ኖራለች» አለቻቸው። «ስለ ድንኳን የማታውቀው ነገር የለም።»

ያን ታሪክ ዕድሜዬን ሙሉ በፎርም ላይ፣ በቢሮ ወረፋ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስናገረው ኖሬያለሁ። ሰው ሲኮራበት የሰማሁት ያን ቀን ነው። ጭቃ የነካ እጄን በዝናቡ ታጠብኩ።

ዝናቡ ሲያባራ አብረን በላን። እነሱ ቻፓቲና የአተር ወጥ አመጡ፤ እኔ ከሰሉን በስንት ልፋት አያይዤ ሽሮ ሠራሁ። ባለቤቴ ጸሎት አደረገ፤ እነሱም በአክብሮት ቆመው ጠበቁን። አያትየው ሽሮውን በቻፓቲ እያጠቀሱ ሁለቴ አስጨመሩ።

ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ነቃሁ። አንዴም ሳልባንን አድሬያለሁ። ልጄ ክንዴ ላይ ተኝታለች፤ ትንሹ እግሩን የአባቱ ሆድ ላይ ጥሏል። ልጅ ሳለሁ እንዲህ ተጣብቀን የምንተኛው ሌላ አማራጭ ስላልነበረን ነበር። ቤታችን ውስጥ ደግሞ እያንዳንዳችን በየክፍላችን፣ በየስልካችን ነን። እዚህ ግን ወደው የተጣበቁ አራት ሰዎች ነበርን፤ ለመንቀሳቀስ እንኳ ሳሳሁ።

ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር እንሄዳለን። ደስታው ትልቅ ነገር አይደለም፤ ሳህን ማን ያጥባል ብሎ መጨቃጨቅ፣ ጦጣ ዳቦ ነጥቃ ስትሮጥ ማሳደድ፣ ጠዋት ከአጥሩ ወዲያ የጉማሬ ዱካ መፈለግ ነው። ባለፈው ጊዜ የፓርክላንድሶቹም አብረውን መጡ። ልጆቹ ሁለቱንም ድንኳን ራሳቸው ተከሉ፤ እኛ ትልልቆቹ ከጥላው ሥር ሻይ እየጠጣን፣ ማንም ሳይጠይቀን ምክር ስንሰጥ ዋልን።