በርጋ የሠራው ጦር

እርጥብ ቀይ አፈር ሲሸተኝ ደሜ ይፈላል። ሰው የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል በሩን ከፍቶ አፈሩን እያሸተተ ደስ ይለዋል፣ እኔ ግን መስኮቴን እዘጋለሁ። ልጆቼ ብርድ ፈርቼ ይመስላቸዋል። ብርድ አይደለም፣ ንዴት ነው።

ጃንሆይ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን፣ ክረምት ሲገባ እኛ ልጆች ከጀፎሮው ዳር፣ በቤቶቹ መሀል ከሚያልፈው ከዚያ ሰፊ የሣር መንገድ ዳር፣ ጭቃ እየቆፈርን የጥንት ጦር እንሠራ ነበር። ሽማግሌዎቹ ስለድሮ ውጊያ ሲያወሩ ጆሯችንን ተክለን እንሰማና፣ ፈረሰኛውን በጭቃ አበጅተን በእሾህ እግር እናቆመው፣ ለጋሻ ያዡ ከደረቀ የእንሰት ቅጠል ጋሻ እንቆርጥለት፣ ለወንጭፈኛው ከቃጫ ወንጭፍ እንፈትልለት ነበር። ለእያንዳንዱ ጭፍራ ደንብ አውጥተንለት ነበር። አራት ስንጥቅ ሸምበቆ ወደ ላይ ወርውረን በሆዱ የወደቀውን ቆጥረን ያን ያህል እርምጃ እንሄዳለን፤ ፈረሰኛ እጥፍ ይሄዳል፣ ረግረግ ውስጥ ከገባ ግን ይሰምጣል፤ ባለጦር አንዴ ከተመታ ጦሩ ተሰበረ ተብሎ ይወጣል። በዚህ ደንብ የተነሳ ስንቴ ተደባድበናል።

ከሁላችን አሳምሮ የሚሠራው በርጋ ነበር። በርጋ የእንጨት ጠራቢው ልጅ ነው። እነሱን ፉጋ ይሏቸው ነበር፤ ቃሉን ዛሬ ስጽፈው እጄ ይከብደኛል፣ ያኔ ግን አፋችን ላይ እንደ ውሃ ቀላል ነበር። ቤታችን መሀል የቆመውን ምሰሶ የጠረበው የበርጋ አባት ነው፤ ምሰሶውን ካቆመ በኋላ ግን ያ ሰው የቤታችንን ደፍ ረግጦ አያውቅም። እነሱ የገቡበት ቤት ላሟ ትነጥፋለች፣ የረገጡት እንሰት ይደርቃል ይባል ነበር። ማን አይቶ? ማንም።

ነሐሴ ላይ ተፈራን የሚያሸንፍ ጠፋ። ተፈራ አባቱ ከሰሜን መጥቶ ወልቂጤ ፍርድ ቤት የሚጽፍ ልጅ ነው፣ ጦሩ ፈረሰኛ ብቻ ነበር፣ እየጋለበ ይረግጠናል። አንድ ቀን በርጋ ከባለጦሮቹ ኋላ አምስት ጎባጣ ሰዎች ደረደረ፤ አንዱ ወናፍ ይዟል፣ አንዱ መዶሻ፣ አንዱ የቆዳ ጥቅል።

«እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?» አለ ተፈራ።

«አንጥረኛና ፋቂ። ጦር ሲሰበር ያድሳሉ፣ ጋሻ ሲቀደድ ይሰፋሉ። እነሱ አጠገብ ያለ ባለጦር አንዴ ተመትቶ አይወጣም።»

«አንጥረኛ ከመቼ ወዲህ ነው ከጦር የተቆጠረው?»

«ያንተ ሰዎች የያዙትን ጦር ማን ሠራው? ከሰማይ ወረደ?»

ሁላችንም ሳቅን፣ ተፈራም ሳቀ። «እሺ፣ ጎባጦችህን ይዘህ ና፣ ፈረሴ ጀርባቸውን ያቃናላቸዋል» አለው። ሁለት ቀን ተዋጉ። የበርጋ ባለጦሮች እየተመቱ እየተነሱ፣ ወደ ኋላ እየሸሹ፣ ፈረሰኛውን ረግረጉ ውስጥ አስገብተው ጨረሱት። ተፈራ አኩርፎ ሄደ፤ በማግስቱ ግን የራሱን ሦስት አንጥረኛ ሠርቶ መጣ። ተፈራን የማልጠላው ለዚህ ነው።

መስቀል ደረሰና ከአዲስ አበባ ዘመድ አዝማዱ ገባ፣ መንደሩ በሰው ሞላ። እኔና በርጋ ጦራችንን አንድ ላይ አድርገን ከከተማ ከመጡት ልጆች ጋር ልንገጥም በሳንቃ ላይ ደርድረን ስንሄድ፣ ሳይታሰብ ዝናብ ወረደ። ሮጠን ቤታችን ደጃፍ ደረስን። እኔ ገባሁ፣ በርጋ ሳንቃውን በደረቱ ከልሎ ደጅ ቀረ።

«ግባ እንጂ፣ ይሟሟል» አልኩት።

«አባትህስ?»

«የለም። ግባ።»

እናቴ ከጓዳ ሆና አየችን፣ ምንም አላለችም። በርጋ ገብቶ ሳንቃውን ምሰሶው ሥር አስቀመጠና የወደቁትን ማቃናት ጀመረ። ወዲያው አባቴ እንግዶቹን አስከትሎ፣ ከዝናቡ እየሸሸ ገባ።

«ማን አስገባው?» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ እንግዳ ፊት ነበር።

በርጋ ቀና ብሎ አየኝ።

«እንጃ፣ ራሱ ገባ» አልኩ።

አባቴ ሳንቃውን አንስቶ ዝናቡ ውስጥ ወረወረው። በማሰሮ የነበረው ወተት ረከሰ ተብሎ ተደፋ። በርጋ «እሱ ነው ግባ ያለኝ» አላለም። ተነስቶ ወጣ።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ጀፎሮው ላይ ተቀምጠው አባቱን አስጠሩት። እነሱ ተቀምጠው፣ እሱ ቆሞ። እነዚያ ሽማግሌዎች አንዳቸውም እሱ ያልጠረበው ምሰሶ ሥር አያድሩም። «ልጄ አጥፍቷል» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። ይቅር አልነው ብለው አሰናበቱት፣ ከዚያ በኋላ ግን ማንም ሥራ አልሰጠውም፤ ለአጎቴ ቤት የጀመረውን ምሰሶ እንኳ ሌላ ሰው ጨረሰው። በጋው ሳያልቅ ዕቃቸውን ተሸክመው ወደ እምድብር ወረዱ። በርጋ የአባቱን መጥረቢያ ትከሻው ላይ አድርጎ ሲያልፍ፣ እኔ እንሰት ውስጥ ተደብቄ አየሁት።

አባቴን ተናድጄበታለሁ፣ ዝም ባለችው እናቴም እንዲሁ፣ ሁለቱንም ከቀበርኩ በኋላ እንኳ አልወጣልኝም። ይህን ሳወራ ሰው «ዘመኑ ነው» ይለኛል። ዘመን አፍ የለውም። «ራሱ ገባ» ያልኩት እኔ ነኝ።

አድጌ አንድ ሁለቴ እምድብር ድረስ ሄጄ ፈልጌዋለሁ፤ ከዚያም ነቅለው ሄደዋል አሉኝ፣ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አጣሁ። ዛሬ የጠራቢውም የገበሬውም ልጅ አንድ ወንበር ላይ ይማራል፣ እኔም ቤት ማን ገባ ማን ወጣ የሚጠይቅ የለም። ጋብቻ ሲመጣ ግን አሁንም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «የማን ዘር ነው?» ይባላል፣ እኔም ይህ ከተባለበት ቤት ምግቡን ትቼ እወጣለሁ፣ ግትር ሽማግሌ ይሉኛል፣ ይበሉኝ። ያኔ «እኔ ነኝ ያስገባሁት» ብል ቢበዛ አለንጋ እቀምስ ነበር። ዛሬ ለፈለግኩት ሰው እናገረዋለሁ፤ የሚገርፈኝ የለም፣ ልጆቼ እንዲያውም ደግ ሰው ነህ ይሉኛል።