የዛፍ አስታማሚው መቋሚያ

ባለፈው የካቲት የጎረቤቴ ልጅ ትዕግስት ባሕር ዳር ሄዳ የዛፍ አያያዝ ሥልጠና ወስዳ ተመለሰች። ይህ ለእሷ ሁለተኛው ነው፤ የፊተኛው መሠረታዊ፣ የአሁኑ ደግሞ ማሻሻያ ይባላል አለችኝ። የራስ ቁር፣ ገመድ፣ ሰፊ መታጠቂያና ጥርሱ የሚያስፈራ መጋዝ ይዛ መጣች። ሰርተፊኬቷን እናቷ ግድግዳ ላይ ሰቅላ ሳትጨርስ የመንደራችን የማርያም ደብር ሽማግሌዎች የደረቁ ቅርንጫፎች እንድታወርድላቸው ለመኗት።

እኔ ሰማንያን ካለፍኩ ወዲህ ሥራዬ የሰው ሥራ ማየት ነው። በርጩማዬን ይዤ ቅጥሩ ጥግ ተቀመጥኩ። ልጅቱ ጥዱ ላይ ወጣች። አንድ ወፍራም ደረቅ ቅርንጫፍ ጋ ስትደርስ መጀመሪያ ከሥሩ ጥቂት ገዘገዘችው፤ ከዚያ ራቅ ብላ ከላይ ቆረጠችው፤ በመጨረሻ የቀረውን ጉቶ አጸዳችው። ቅርንጫፉ የግንዱን ቅርፊት ሳይገሸልጥ ወረደ። ሳላስበው “ጎሽ፣ አያ ሞላ” አልኩ። አጠገቤ የነበረ ጎረምሳ ዞር ብሎ አየኝ። ሽማግሌ ብቻውን ሲያወራ አይደንቅም።

አያ ሞላ መምህሬ ነበሩ። በጣሊያን ዘመን ስድሳ ዓመት ሳይሆናቸው አይቀርም፤ አጭር፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ ንግግራቸው የሚዘገይ ሰው። አገሩ “ዛፍ አስታማሚው” ይላቸው ነበር። ከደብር ደብር እየተጠሩ ያረጀውን ጥድ፣ የታመመውን ወይራ፣ ጣራ ላይ የዘመመውን ዝግባ ያክማሉ። የደብር ዛፍ መጣል ነውርም ኃጢአትም ስለሆነ፣ ሥራቸው የሞተውን ቅርንጫፍ ከሕያው ለይቶ ማውረድ ነው። ለዚህም ካህኑን አስፈቅደው፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ጫማ አውልቀው ነው የሚወጡት። ጫማ ነበራቸው ወይ ብትሉኝ አልነበራቸውም፤ ደንቡ ግን ደንብ ነው።

እሳቸው ዘንድ የገባሁት ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ በኋላ ነው፤ ጢሜ ገና ማቀምቀም ጀምሮ ነበር። አባቴ “በዚህ ዘመን መሬት ላይ ከመዋል ዛፍ ላይ መዋል ይሻላል” ብሎ ወስዶ ሰጠኝ። የመጀመሪያውን በጋ ግን ከመሬት አላስነሱኝም። የወደቀ ቅርንጫፍ እየሰበሰብኩ ከየት እንደተሰበረ መናገር፣ ግንዱን በምሳር ጀርባ እያንኳኳሁ ሆዱ ባዶ መሆኑን በጆሮዬ መለየት፣ ይኼ ነበር ትምህርቴ። ከተሳሳትኩ አይቆጡም፤ “እንደገና ጠይቀው” ይሉኛል። ዛፉን ማለታቸው ነው። በሁለተኛው በጋ መጫኛ ወገቤ ላይ አስረው አወጡኝ፤ ያን ቀን ከላይ ሆኜ እስከ ይጁቤ መንገድ ድረስ የታጨደውን የጤፍ ማሳ ሳይ አገሩ ሁሉ የእኔ መሰለኝ።

በዚህ ሙያ ሰርተፊኬት የለም፤ መቋሚያ ነው ያለው። ተማሪ በራሱ እጅ ያለ ጥፋት ካወረደው የመጀመሪያ የወይራ ቅርንጫፍ መቋሚያ ይሠራል። መቋሚያው በመምህሩ ቁመት ይለካል። መምህሩ ተቀብሎ ማኅሌት ላይ በሰው ፊት ከተደገፈበት ልጁ ባለሙያ ሆነ። ካልተቀበለው ደግሞ የፈለገውን ያህል ዛፍ ይውጣ፣ እንጨት ለቃሚ ነው። እኔ ያን መቋሚያ ከሚስትም ከበሬም አስበልጬ እመኝ ነበር።

አያ ሞላ አንድ ሕመም ነበራቸው። ከደብሩ በስተደቡብ ያለው ትልቁ ጥድ ጎኑ ላይ ረጅም ጠባሳ አለበት፤ እሳቸው በወጣትነታቸው ያወረዱት ከባድ ቅርንጫፍ ሲወድቅ ቅርፊቱን ይዞት ሄዶ ነው። በምሳር ከላይ ሲመቱት ቅርንጫፉ ሳያልቅ ይሰበርና ግንዱን ይገሸልጣል። መምህራቸውም፣ የመምህራቸው መምህርም መድኃኒቱን አላወቁትም። ቁስሉን በእበትና በጭቃ ከመምረግ ሌላ ምንም አልነበረንም። በዚያ ባለፍን ቁጥር እጃቸውን ጠባሳው ላይ ያሳርፋሉ።

ታዲያ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ከከተማ ስንመለስ፣ መንገድ ሠሪዎች ባስነሡት አቧራ መሃል አንድ ጣሊያን ከደብራችን ትይዩ ኮረብታ ላይ ካለው ምሽጋቸው ሥር ባሕር ዛፍ ላይ ሆኖ ሲሠራ አየን። የስልክ ሽቦ ላይ የተንጋደደ ቅርንጫፍ ነው የሚያወርደው። ጠጉሩ የሸበተ፣ ወታደር ከመምሰል ገበሬ መምሰል የሚቀናው ሰው ነበር። በመጋዝ መጀመሪያ ከሥሩ፣ ቀጥሎ ከላይ። ቅርንጫፉ ንጹሕ ሆኖ ወረደ። አያ ሞላ ቆሎውን እጃቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ።

“አያ ሞላ፣ እንሂድ እንጂ። ሰው ያየናል” አልኳቸው።

“ይየን። እኔም እያየሁ ነው” አሉ።

በማግስቱም ሄዱ፣ በሦስተኛውም ቀን። ቋንቋ አልነበራቸውም። ጣሊያኑ በጣቱ ከሥር ያሳያል፣ እሳቸው በአንገታቸው ይመልሳሉ፤ በኋላ መጋዙን አቀበላቸው። እኔ ከሩቅ ቆሜ የሚያየን ሰው እንዳለ መንገዱን እቃኛለሁ። ስንመለስ “ከአገር ወራሪ ምን ይማራሉ?” ብዬ ደፈርኳቸው። እንዲህ ብለው መለሱልኝ፦ “ሰውየው ጠላቴ ነው። እጁ ግን እኔ ዕድሜ ልኬን የፈለግሁትን ያውቃል። እጁን ተምሬ እመለሳለሁ።” ያን ዕለት ጥዱ ጋ ሲደርሱ ጠባሳውን እየዳሰሱ አለቀሱ።

ጾመ ሁዳዴ እንደገባ ከምሽጉ ትእዛዝ መጣ። ዱር ቤቴ ያሉት አርበኞች በማርያም ደን ውስጥ ተሸሽገው ያልፋሉና ምሽጉ ካለበት ኮረብታ ፊት ለፊት ያለው ዛፍ ሁሉ ተቆርጦ ይውደቅ ተባለ። ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላሙ ላይ ተሰብስበው ተከዙ። አያ ሞላ ተነሥተው ወደ ምሽጉ ወጡ። ያን ሽበታም ጣሊያን አማላጅ አድርገው፣ በአስተርጓሚ ተከራክረው፣ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ።

“አይወድቅም። ከሰው ቁመት በላይ ድረስ የታችኛው ቅርንጫፍ ይመለመላል፤ ግንዱና አናቱ ይቆማል። ሌላ ያገኘሁት የለም” አሉ።

አመስጋኝም ተቃዋሚም አልተገኘም። ዝምታውን እንደ ፈቃድ ወሰድነው፤ ዛሬ ሳስበው ዝምታ ብቻ ነበር። በጾሙ በጠዋት እየወጣን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተልባ ውሃ በዳቦ እየቀመስን፣ መሬት የሚጠርገውን ቅርንጫፍ ሁሉ አወረድን። ጣሊያኑ መጋዙን አዋሰን። ከሁሉም አንድ ቅርፊት አልተገሸለጠም። በአምስተኛው ቀን አያ ሞላ አንድ የወይራ ቅርንጫፍ አሳዩኝና ከሥሬ ቆሙ። ከሥር ነካሁት፣ ከላይ ቆረጥኩት፣ ጉቶውን አጸዳሁት። ስወርድ ቁስሉን ቀና ብለው አዩና “ይህንን አድርቀው” አሉኝ። ለመቋሚያ ማለታቸው ነው። ቅርንጫፉን ወስጄ እንዳይሰነጠቅ ከቤታችን ቆጥ ላይ በጢስ አንጠለጠልኩት።

የሆሳዕና ዕለት ማለዳ የአክስቴ ልጅ ደሳለኝ ከዱር መጣ። እናቱን ሊያይና ደጁን ሊሳለም ነው። ድሮ ቅርንጫፉ መሬት ይነካ ስለነበር እንደ እሱ ያሉት ጎንበስ ብለው በሥሩ ያልፉ ነበር። አሁን ግን ከግንድ እስከ ግንድ ገላጣ ነው። የምሽጉ ዘበኛ አየው፤ አንድ ጥይት ተተኮሰ። እኛ ቅዳሴ ላይ ነበርን። ስንወጣ ትልቁ ጥድ ሥር ወድቆ አገኘነው። አክስቴ ነጠላዋን አልብሳው አጠገቡ ተቀምጣ ነበር።

በቀብሩ ላይ አያ ሞላ ከአንድ ጥግ ቆሙ። ከአጠገባቸው የነበረው ሰው ቀስ እያለ ራቀ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ በሳምንቱ “ባንዳ” የሚለው ቃል ከአፍ አፍ ዞረ። ጣሊያን ጋ ሲመላለሱ ያየ ሁሉ አሁን ምስክር ሆነ። አባቴም ማታ ጠርቶኝ “ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ቤት አትሄድም” አለኝ።

“አባዬ፣ ባይመለመል ኖሮ ዛፉ ሙሉ በሙሉ ይወድቅ ነበር። ያኔስ ደሳለኝ አይታይም ነበር?” አልኩት።

አባቴ እሳቱን እየቆሰቆሰ “እሱን ሄደህ ለአክስትህ ንገራት” አለኝ።

መቋሚያው ደርቆ፣ ተልጎና ተወልውሎ ያለቀው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። አባቴ ገበያ የወጣበትን ቀን ጠብቄ በጭቃው መንገድ ወደ አያ ሞላ ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ባቄላ እሸት ይፈለፍሉ ነበር። መቋሚያውን በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው። ተቀብለው አገላብጠው አዩት፤ ብብታቸው ሥር አድርገው ለኩት። ልክ ነበር። ፊታቸው ለአፍታ በራ። ከዚያ መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት።

“አልቀበልህም” አሉኝ።

“አበላሸሁት እንዴ፣ አያ ሞላ?”

“አላበላሸኸውም። ከተቀበልኩህ ግን የእኔ ተማሪ ነህ። የእኔ ተማሪ ከሆንክ ዛፍ የሚሰጥህ ደብር፣ ልጁን የሚድርልህ ሰው የለም። ቤትህ ይዘኸው ግባ።” ከዚያ እሸቱን እያዩ፣ “ደሳለኝን እኔ ነኝን የገደልኩት? አንተ ከእኔ የተማርክ ነህ፣ ንገረኝ” አሉ።

አይደሉም አልኳቸው። ድምፄ ግን እንደ ተማሪ ድምፅ ነበር፤ መልሱን አውቆ ሳይሆን መምህሩ እንዲደሰት የሚመልስ ተማሪ። እሳቸውም ያን ድምፅ ያውቁታል። “እንደገና ጠይቀው” አሉና ወደ ቤት ገቡ።

መስቀል እንዳለፈ ደምበጫ ወዳለችው ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ጣሊያን ከመውጣቱ በፊት እዚያው እንደሞቱ ከገበያ የተመለሱ ሰዎች ነገሩን፤ ሌላ ወሬ መሃል፣ ስለ በቅሎ ዋጋ እያወሩ። ነፃነት ሲመጣ ብዙ ደብር ደኑ ተመንጥሮ ሲገኝ የእኛ ማርያም ዛፍ ቆሞ ተገኘ። ሰው “ማርያም ጠበቀችው” አለ። እውነት ነው፣ ጠብቃዋለች። በማን እጅ እንደጠበቀችው ግን የሚናገር አልነበረም፤ እኔም ስናገር አክስቴ በሕይወት ሳለች ሰው ዓይኑን ይሰብር ነበር። ያዘንኩት ለሁለቱም ነው፤ ለደሳለኝም ለአያ ሞላም። አንዱን ስንቀብር ሌላውን መቅበር አልነበረብንም፤ ግን እንደዚያ ሆነ፣ የሚመልሰው የለም።

ትዕግስት ከዛፉ ከወረደች በኋላ ወደ እኔ መጥታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። “አባባ፣ ከታች ያለውን የድሮ ቁርጥ ማን ሠራው? ዛፉ ራሱ አልብሶ ዘግቶታል። እንዲህ ያለ አቆራረጥ ሥልጠና ላይ ነው ያየሁት።”

“አያ ሞላ የሚባሉ ሰው” አልኳት። “ቁስሉን በእበት ይመርጉት ነበር።”

“አሁን እንኳ መመረግ ቀርቷል። ክፍቱን ሲተዉት ይሻላል፣ ዛፉ ራሱ ያውቅበታል” አለችኝ፣ እንዳልከፋ በእርጋታ።

አልከፋኝም። አያ ሞላ ቢኖሩ ከዚያች ልጅ ሥር ሥር እያሉ “ለምን? ማን አሳየሽ? እስቲ እንደገና” ሲሏት ይውሉ ነበር። ለመማር ሲሉ ስማቸውን የከፈሉ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ቢሆን በነፃ ያስተምሯቸው ነበር።

መቋሚያው አሁንም እኔ ጋ ነው። እሑድ እሑድ ማኅሌት ላይ እደገፍበታለሁ። ትዕግስት አንድ ቀን አየችና “አባባ፣ ይህ ለእርስዎ ያጥርብዎታል፣ ወገብዎን ያምዎታል፣ ረዘም ያለ ላሠራልዎ” አለችኝ። ግድ የለም አልኳት። በሌላ ሰው ቁመት የተቆረጠ ነውና፣ ስደገፈው ጎንበስ ማለት አለብኝ።