የዳክታሪው ረጅም ዱላ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጫማ ሰፊ ሶል ሊያላቅቅ ማስቲሽ በእሳት ሲያሞቅ አጠገቡ አለፍኩ። ያ ሽታ! ጉሮሮ የሚያሳክክ፣ መራራም ጣፋጭም ነገር። እግሬ ቀጥ አለ። ጫማ ሰፊው ደንበኛ መስዬው «እትዬ፣ የሚሰፋ አለ?» አለኝ። ምን የሚሰፋ አለኝ! እኔ እኮ በዚያች ቅጽበት ሞያሌ ነበርኩ፤ በኬንያው በኩል፣ በአባባ የቆርቆሮ ወርክሾፕ ውስጥ፣ ሞርሳው አጠገብ።

መንገዱ አስፋልት ሳያይ፣ ሞባይል ያለው ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ይወጣ በነበረበት ጊዜ ነው። ሎሪ ባለፈ ቁጥር ቀይ አቧራ ይነሳል፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባው ብርሃንም በአቧራው ውስጥ ቀጥ ቀጥ ብሎ ይታያል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት አቁሜ አባባ ጋር መሥራት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። አባባ መንግሥት ሲለወጥ ድንበር ተሻግሮ በዚያው የቀረ መካኒክ ነው። አልጋ ይበይዳል፣ ለመጥረቢያ እጀታ ያስገባል፤ ከሁሉ በላይ ግን የታወቀው በዱላ ነው። ከዳበልና ከኡራን መንደር የሚመጡ ከብት አርቢዎች ዱላቸውን ያመጡለታል፤ የተሰነጠቀውን ያስራል፣ የረዘመውን ያሳጥራል፣ ጫፉን ብረት ያለብሳል። ሲጨርስ ዱላውን ሌባ ጣቱ ላይ ያጋድምና ዓይኑን ጨፍኖ «ይሄ ወደ ጫፉ ያደላል» ወይም «አሁን እኩል ሆነ» ይላል። ጣቱ የተናገረችውን የሚከራከር ሰው አልነበረም።

ሰው የማያውቀው ግን ስኳር በሽታው የአባባን ጣቶች እያደነዘዘ መሆኑን ነው። የወደቀ ሚስማር ለማንሳት ሦስት ጊዜ ይሞክራል። ጠዋት ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ። ይህን የምናውቀው እሱ፣ እኔና የሚያክመው ሐኪም ብቻ ነን። «ትንፍሽ እንዳትይ» ብሎኛል፤ «እጁ የማይሰማውን ፉንዲ ማን ሥራ ይሰጠዋል?» እዚያ አገር ባለሙያውን ሁሉ በስዋሂሊ ፉንዲ ነው የምንለው፤ ሐኪሙንም ዳክታሪ።

ያው ዳክታሪ ነው እንግዲህ አንድ ጠዋት በአንሶላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዞ የመጣው። እሱና ሦስት የመንግሥት ሠራተኞች ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ጎልፍ ይጫወቱ ነበር። ሣር ከየት ይምጣ! ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ ዙሪያ አሸዋ ያነጥፉና ነፋስ እንዳይወስድባቸው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ያጠጡታል። ዘይቱን ከእኛ ነበር የሚወስዱት። ፍየሎቹ መሃል ሜዳ ተኝተው እያመሰኩ ያዩዋቸዋል።

አንሶላውን ሲፈታ ድራይቨር የሚሉት ዱላ ወጣ፤ መጀመሪያ ኳሷን አርቀው የሚመቱበት፣ ከሁሉም የሚረዝመው። ዘንጉ ብረት፣ ኳሷን የሚመታው የታችኛው ራስ ድፍን የሚመስል ግን ውስጡ ባዶ የሆነ፣ እጀታው ጥቁር ጎማ።

«ምዜ» አለው አባባን፣ ሽማግሌ ሲያከብሩ እንደሚሉት፤ «ሐሙስ ወደ ታች፣ ወደ መሃል አገር ተቀይሬ እሄዳለሁ። ይሄ የወንድሜ ነው። ከሞተ ዓመት ሊሆነው ነው። በቁመት ከእኔ በራስ ይበልጥ ስለነበር ዱላው ረዝሞ መሬቱን እየመታብኝ ነው። ለእኔ ቁመት አድርግልኝ። ግን ሲያወዛውዙት እጅ ላይ የሚሰማው ክብደት እንዳይለወጥ። ከሱ እጅ ተቀብዬ ስወዘውዘው የነበረው ክብደት እንደዚያው ይሁንልኝ።»

ለዱላቸው ጫፍ ብረት ሊያስደርጉ የመጡ አንድ የዳበል ሽማግሌ ጥላው ሥር ተቀምጠው ነበር። ዱላውን ተቀበሉና አገላብጠው አዩት። «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ኡሌ ነው?» አሉ፣ ዱላ በኦሮምኛ ኡሌ ነው። «ምን ይጠብቁበታል?»

«ኳስ ነው የሚመቱበት» አልኳቸው።

«ኳስ? ከዚያስ?»

«ከዚያ ሄደው ይፈልጓታል።»

«እንዴ! ግመል የሌለው ሰው በገዛ እጁ የሚጠፋ ነገር ይፈጥራል ማለት ነው» አሉ። ዳክታሪው ስተረጉምለት ከሁላችንም በላይ ሳቀ።

አባባ ዳክታሪውን አቁሞ፣ ዱላውን አስይዞ፣ ጎንበስ አስብሎ ለካ። ሦስት ጣት ይጠር ተባለ። እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ላይ መጣ። ዳክታሪው «በእጀታው በኩል ነው የሚቆረጠው፤ ጎማው ይወጣና ከላይ» አለ። አባባ ራሱን ነቀነቀ። በእኛ ቤት ዱላ የሚያጥረው ከታች፣ መሬት ከሚነካው በኩል ብቻ ነው፤ የባለቤቱ እጅ የኖረበት ቦታ መጋዝ አይነካውም። ጎማውን ወደ ብርሃኑ አዞረና የአውራ ጣት ቦታ ተበልቶ የጎደጎደውን አሳየው።

«ከላይማ ወንድምህ አለበት» አለው።

ዳክታሪው አውራ ጣቱን የጎደጎደው ቦታ ላይ አሳረፈ። ከዚያ «እሺ፣ ከታች» አለ። ኋላ ከሰው እንደሰማሁት፣ ከታች ሲቆረጥ ዘንጉ ደርቆ መለመጥ ያቅተዋል፣ የሚያውቁ ሰዎች እንዲህ አያደርጉም። እኛ ምን እናውቃለን!

እኔ ግን ከመቆረጡ በፊት አንድ ነገር አደረግኩ፤ ማንም አላስተማረኝም። ሞረዱን በጠርዙ አቆምኩና ከእጀታው ጫፍ አንድ ክንድ ለክቼ ዱላውን አጋደምኩበት። ራሱ ወረደ። እጀታው ጫፍ ላይ ትንሽ ከረጢት አንጠልጥዬ ዱላው ቀጥ እስኪል ሚስማር ጨመርኩበት፤ ከረጢቱንም አስሬ አስቀመጥኩት። አባባ አይቶኝ «ደግሞ ይሄ የገበያ ሚዛን ለምንሽ ነው? ጣት እያለ?» ብሎ ሳቀብኝ።

አባባ የዱላውን ራስ በጋዝ ነበልባል አሞቀው፤ ውስጥ ያለው ማስቲሽ ጨሰ፣ ያ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ጠምዝዞ አወጣው። ሦስት ጣት ቆረጠ፣ መልሶ አጣበቀው፤ ሲደርቅ አደረ።

በማግስቱ አባባ ዱላውን ሌባ ጣቱ ላይ አጋደመ። ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ፊቱን ነበር የማየው፤ ጆሮው የከበደው ሰው የሩቅ ድምፅ ሲያዳምጥ እንደሚሆነው ሆኗል።

«ምንም አልጎደለም» አለ። «ልክ እንደነበረው ነው።» ቁርሱን ሊበላ ወጣ።

እኔ ሞረዱን አቆምኩ፣ ክንዴን ለካሁ፣ የትናንቱን ከረጢት አንጠለጠልኩ። እጀታው ዘጭ ብሎ ወረደ። ራሱ ወደ ላይ ተነሳ። ዘንጉ ሲያጥር ራሱ ቀሎ ነበር።

ለአባባ ብነግረው ጣቱን ሐሰተኛ ማለቴ ነው። ዝም ብል ደግሞ ዳክታሪው የወንድሙን ክብደት ሳያገኝ ሊሄድ ነው፤ የአባባን ጣቶችም የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ወዲያው ይገባዋል። ከአሮጌ የሎሪ ባትሪ የወጣ እርሳስ ነበረን። እሱን በመዶሻ ቀጥቅጬ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ ሁለት ወፈር ያሉ ቁራጮች አወጣሁ። ዱላው ቀጥ እስኪል እየሞረድኩ፣ ከራሱ ሥር አጣበቅኳቸው፤ እንዳይታዩም ጥቀርሻ ቀባኋቸው። አባባ ሲመለስ ወለል እጠርግ ነበር።

ዳክታሪው ከቀትር በኋላ መጣ። አባባ ዱላውን ሰጠው። ደጁ ላይ ዶሮ አባረርን፣ ሰው ገለል አደረግን። አንዴ ወዘወዘው፤ ፉው አለ። እንደገና። ሦስተኛው ላይ ቆመና ሁለት እጁን ከእጀታው ሳያላቅቅ አንገቱን ደፋ። ያወጣት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች፤ «እዚህ ነህ እንዴ?» ነው ያለው፤ ማንን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

የአባባን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ «ፉንዲ፣ እጅህ ይባረክ» ብሎት ሄደ። ሐሙስ በሎሪ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ አላየነውም።

አባባ ከዱላው እጁ ላይ የቀረውን ጥቀርሻ አይቶ በሱሪው ጠረገና፣ ወደ እኔ ሳይዞር «ስንት ጨመርሽበት?» አለ።

መካድ አልቻልኩም። «ሁለት ጥፍር የሚያህል» አልኩ።

«ከየት?»

«ከባትሪው እርሳስ።»

አልተቆጣም። በርጩማው ላይ ቁጭ አለና «ነይ እስቲ» አለኝ። እጄን ተቀበለኝ። ሌባ ጣቴን ብቻ ነጥሎ፣ በዚያ በማይሰማው አውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳበሰው፤ ስላልተሰማው ይመስለኛል፣ ኋላ ወደ ጉንጩ አስጠጋው።

«ይህችን ጣት ትኩስ ብረት እንዳታስነኪያት» አለኝ።